ከመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ ደም

አዲስ አበባ ባለው የካቲት 12 ሆስፒታልም ይሁን ሌላ ቦታ፣ መንጋጋው በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎለት መንዝ ጓሳ ዙሪያ ወዳለው ቤቱ የተመለሰ ሰው እብጠቱ ከጎደለ በኋላም ጥንቃቄ ያሻዋል። ከላይኛው መንጋጋ በስተኋላ ብርቱ የደም ሥሮች ያልፋሉ። አጥንቱ ሲቆረጥ አንዱ ከተነካ የረጋ ደም ለጊዜው ይደፍነዋል፤ በላዩም ስስ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። የሚደርሰው በጥቂት ሰው ላይ ነው። ሆኖም ለጓሳ ቅርብ ከሆነችው ከመሐል ሜዳ እንኳ ደብረ ብርሃን ያለው ሆስፒታል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ አስቀድሞ መዘጋጀት ይበጃል።

ከሆስፒታል ስትወጡ የትኛው መንጋጋ እንደተቆረጠ፣ የደም ዓይነቱና የክፍሉ ስልክ በወረቀት ይጻፍላችሁ። «ሌ ፎር 1» ከተባለ የላይኛው ነው። ጥርሱ በሽቦ ከታሰረ መቁረጫ ተቀበሉ፤ የቱ ጋ እንደሚቆረጥም ያሳዩአችሁ።

ቤት ከገባ አይናፈጥ፣ ከባድ አይሸከም፣ አይጎንበስ። የጓሳው ሣር ለአጨዳ ቢከፈት እንኳ ማጭዱን ሌላ ይያዝለት። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ደረቅ ብርድና የምድጃ ጭስ አፍንጫን ስለሚያደርቁ የታዘዘለትን የጨው ውሃ ጠብታ አያቋርጥ። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይውሰድ።

ከአፍንጫው ደም ከመጣ ቀና ብሎ ይቀመጥና ወደ ፊት ዘንበል ይበል። አናት ላይ ውሃ እያፈሰሱ አንገትን ወደ ኋላ ማቃናት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ይህ ግን ደሙን ወደ ጉሮሮ ይሰደዋል። ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትለቁ ያዙለት፤ ወደ አፉ የወረደውን ይትፋ። ሌላው ሰው እስከዚያው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል አምቡላንስ ያስጠራ። አስታውኮ ትንፋሽ ካጠረው ሽቦውን ቁረጡ።

ደሙ ቆመ ብላችሁ ግን ከመንገድ አትቅሩ። ከረጢቱ ጥቂት አፍስሶ ዝም ይልና በሌላ ቀን በኃይል ሊፈነዳ ይችላል። «ነስር ነው፣ ይተወዋል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ አትስሙት። ጉንጩ ወይም አገጩ ሥር እንደ ልብ የሚመታ እብጠት ከወጣም ያው ነው፦ ወጌሻ አይሸው፣ ዋግምት አይደረግበት፣ አይበጣ።

ሐኪም ፊት ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ቀዶ ሕክምና መደረጉንና ቀኑን ተናገሩ። ይህ ካልተነገረ አፍንጫው በጎዝ ተጠቅጥቆ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል፤ ጎዙ ደግሞ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። የተጎዳው ሥር የሚታየው መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ በሚነሳ ሲቲ ስካን ወይም አንጂዮግራፊ ነው። የሚዘጋውም በብሽሽት ወይም በእጅ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ያ ካልተገኘ በቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ ይህ ሁሉ ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ደም ሊለግሱ የሚችሉ ዘመዶችም አብረው ይሳፈሩ።