ጎሚኒ በአንድ ሌሊት አያረጅም

ከደብረ ብርሃን ሜዳ ተነስቶ ወደ አንኮበር ጠርዝ የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የመኪናን መሪ ከብዙ ጋራዥ በተሻለ ይመረምራል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ ንፋሱ ከጎን ስለሚመታ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ የተሳነው መኪና እዚያ ይጋለጣል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ጎማውን በየጉድጓዱ እያነሳ ይጥላል፤ የላላ ነገር ያለበት መኪና እዚያ ይንቀጠቀጣል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ላንድክሩዘሮች፣ ሃርድቶፕም ሆነ ፒክአፕ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚቆየው ጥቂቱ ነው። ሰውና እህል ስለሚጭን ከኋላ ባሌስትራ ይጨመርለታል፣ ከድንጋይ እንዲያመልጥ ሞላው በረጅም ይቀየራል፣ ሰፊ ጎማ ይገባለታል። ከዚያ መሪው ማስቸገር ሲጀምር ታይሮድ ይገዛል፤ አልሻል ሲል አሞርዛተር ይቀየራል፤ አሁንም አልሻል ሲል ስቲሪንግ ቦክሱ ይፈታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በተለወጠ መኪና ላይ «ምን አረጀ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምን ተለወጠ?» የሚለው ይቀድማል።

ምክንያቱን ለመረዳት ብስክሌት ይበቃል። የብስክሌት የፊት ሹካ አናቱ ወደ ነጂው ዘንበል ያለ ነው። በዚህ ዝንባሌ ምክንያት ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ፣ የመታጠፊያው መስመር ወደ መሬት ቢዘረጋ ከሚያርፍበት ቦታ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ጎማው ሲሄድ እንደሚጎተት ነገር ራሱን ያቃናል። መካኒኮች ካስተር የሚሉት ይህንኑ ዝንባሌ ነው፤ በላንድክሩዘር ላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይባክናል። የሃርድቶፕ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 3 ሜትር ያህል ነው። በተጨመረው ባሌስትራ ጀርባው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል መኪናው ወደ ፊት ይደፋል፤ 1 ዲግሪ ያህል ካስተርም አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የወጡት፣ በፊት ባሌስትራ ፈንታ ሞላ ያላቸው ሞዴሎች ደግሞ አክስላቸው በሁለት አጫጭር ክንዶች የተያዘ ነው። መኪናው በረጅም ሞላ ከፍ ሲል ክንዶቹ አክስሉን ያዞሩታል፤ በዚያው 5 ሳንቲ ሜትር የሚጠፋው ካስተር ከ1 ዲግሪ ይበልጣል። እዚህ ላይ ያረጀ ዕቃ የለም፤ አዲስ ዕቃ ቢገዛም የሚተካው ነገር የለም።

የማስረጃው ግማሽ ያለው በሾፌሩ አንደበት ነው። «ይህ መኪና ጭነት ይወዳል፤ ባዶውን ይዋዥቃል፣ ሲጫን ይረጋጋል» የሚል ሾፌር ሳያውቀው ምርመራውን ጨርሷል። ሲጫን ጀርባው ዝቅ ይላል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ የጠፋው ካስተርም በከፊል ይመለሳል። የቀረው ግማሽ የቀን ጉዳይ ነው፤ ችግሩ የጀመረው መቼ ነው? ባሌስትራ ወይም ሞላ በተቀየረ ማግስት ከሆነ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒ፣ በአንድ ሌሊት አያረጅም። ሳይታወቅ ለወራት እየባሰ የመጣ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ማርጀት ያመዝናል።

«የእኛ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ታይሮድና ኩሽኔታ የሚጨርሰው እሱ ነው» የሚል መቃወሚያ መነሳቱ አይቀርም፤ እውነትም ነው። ስለዚህ መላላት መመርመር አለበት፤ ምርመራው ግን ዕቃ መግዛት አይደለም። በማለዳ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱ ይለካ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ቆላ ላይ የተሞላውን ንፋስ ዝቅ ስለሚያደርገው መሪ ይከብዳል። ቀጥሎ መኪናው በአራት ጎማው እንደቆመ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፣ ሌላው ከሥር ይመልከት። እንቅስቃሴ ገብቶ ሳይወጣ የሚቀርበት መገጣጠሚያ የላላው እሱ ነው። ከዚያ የፊቱ በክሪክ ተነስቶ፣ ከሥሩም ጠንካራ መደገፊያ ገብቶ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ፍሬን ሲረገጥ መነቅነቁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት አንጓ ነው። ለዚህ ሁሉ ከንፋስ መለኪያ፣ ከክሪክ፣ ከመደገፊያና ከረዳት ሰው ሌላ የሚያስፈልግ የለም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ጠንከር ይላል፤ «አላይመንት አሠርቼ ትክክል ነው ተብያለሁ።» ብዙ ጊዜ አላይመንት ላይ የሚስተካከለው የሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫ ምን ያህል እንደተቀራረበ ነው። አንድ ወጥ አክስል ባለው መኪና ካስተር በብሎን አይስተካከልም፤ ስለዚህ ማንም ሳይነካው «ትክክል» ተብሎ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ «የመሪውን አሞርዛተር ቀይሬ መንቀጥቀጡ ቆሟል» የሚለው ነው። አሞርዛተሩ መንቀጥቀጥን ያፍናል እንጂ ምንጩን አያደርቅም፤ ምንጩ ያልተመጣጠነ ጎማ ወይም የላላ ብሎን ከሆነ አዲሱም ሲደክም ያው ነገር ብሶ ይመለሳል። በተለይ ሞላ ባላቸው ሞዴሎች አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያስረው ዘንግ ይታይ፤ መሪው ሲወዛወዝ የዚህ ዘንግ ብሎን በቀዳዳው ውስጥ ጭራሽ መላወስ የለበትም። ይኸው ዘንግ ከስቲሪንግ ቦክሱ ወደ ጎማ ከሚሄደው ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን ይገባዋል። ሁለቱ በአንድ ቃሬዛ ሥር እንደገቡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ብቻ ከፍ ከተደረገ፣ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ነጂው ሳያዞረው መሪው በራሱ ይዞራል።

ታዲያ ጥርጣሬው ካስተር ላይ ሲያርፍ እንዴት ይረጋገጣል? ከኋላ አክስሉ በላይ ሁለት ኩንታል ገብስ ተጭኖ፣ በዚያው በሜዳው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይነዳ፤ ቁልቁለቱ መሞከሪያ አይሁን። በሙከራው መካከል ሌላ ምንም አይነካ፤ ሁለት ነገር በአንዴ ከተለወጠ ያሻለው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። መዋዠቁ ከቀነሰ መልሱ ተገኝቷል፤ የላላ ብሎን ከጀርባ በተጫነ ገብስ አይጠብቅምና። መድኃኒቱም እንደ አሠራሩ ይለያያል። የተጨመረው ባሌስትራ ከሚጫነው ጭነት የሚበልጥ ከሆነ አንዱን ቅጠል ማውጣት፣ የፊቱ ባሌስትራ ለሆነ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ሽብልቅ ማስገባት፣ ሞላ ላለው ደግሞ ቀዳዳው ከመሐል ወጣ ያለ ጎሚኒ መግጠም ነው። ልኩ ግን ይጠበቅ፤ ካስተር ሲበዛ መሪ ይከብዳል፣ መንቀጥቀጥንም ይጠራል። መኪናን ከፍ ማድረግ ጥፋት አይደለም፤ የአንኮበር ድንጋይ ያስገድዳል። ከፍ ያደረገ ሰው ግን አብሮ የዞረውን መመለስ አለበት። ሁለት ኩንታል ገብስ ሊነግረው የሚችለውን፣ የታይሮድ ዋጋ ከፍሎ መስማት የለበትም።