ጽሑፍን ስለ መግረዝ

ቡና የተከለ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ያልተገረዘ ቡና ቅጠሉ ይበዛል እንጂ ፍሬው አይበዛም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም እንደዚሁ ነው።

የዚህ ነገር ጉዳት በቡና አገር ይበልጥ ይታያል። የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ሕመም በአገራችን መታየቱ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ነው። በዝናም ወራት ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፤ ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ነቁጥ ያወጣበታል፤ የዝናሙም ጠብታ ከፍሬ ወደ ፍሬ ያዳርሰዋል። ከሰርቦ የተጻፈው ማስታወቂያ በጅማ በመልኮ ወዳለው የግብርና ምርምር ማዕከል በቶሎ ቢደርስም፥ አንባቢው ነገሩን ለማግኘት ሦስት ገጽ ማገላበጥ ካስፈለገው፥ የመልእክተኛው ድካም ከንቱ ይሆናል።

ለምሳሌ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ተጻፈ እንበል፦

«በዚህ በሰርቦ አካባቢ በሚገኘው የቡና ተክል ላይ አንዳንድ የሕመም ዓይነት መታየት የጀመረ መሆኑን በማክበር እያስታወቅሁ፥ ስለዚሁ ጉዳይ አስፈላጊው ሁሉ ይደረግ ዘንድ አመለክታለሁ።»

ይኸው ነገር እንዲህ ሊጻፍ ይቻል ነበር፦

«ሐምሌ 12 ቀን በሰርቦ ዙሪያ በአረንጓዴው የቡና ፍሬ ላይ ጥቁር ጎድጓዳ ነቁጥ አየን። ከመረመርነው 100 እግር ቡና በ30ው ላይ አለ። የታመመውን ፍሬ ልከናል፤ ባለሙያ ይላክልን።»

ሁለተኛው ከፊተኛው እምብዛም አያጥርም። ነገር ግን ቀኑ፥ ስፍራው፥ ምልክቱ፥ ቍጥሩና ልመናው በውስጡ አለ፤ በፊተኛው ከስፍራው በቀር አንዱም በግልጥ አልተነገረም። ስለዚህ ማሳጠር ማለት ቃልን መቍጠር አይደለም፤ ሥራ የሌለውን ቃል አውጥቶ ሥራ ላለው ስፍራ መልቀቅ ነው እንጂ። ቀንንና ቍጥርን ያስቀረ ጸሓፊ ፍሬውን ቈርጦ ቅጠሉን ትቷል።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የተገኘ አይደለም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል፥ አገራቸው በአየር ጦርነት ተይዛ ሳለች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን 1940 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ እንዲያጥር ማስታወሻ አወጡ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ሰር ኧርነስት ጋወርስ በገንዘብ ሚኒስቴራቸው ጥያቄ ለመንግሥት ሠራተኞች የአጻጻፍ መምሪያ መጽሐፍ ጻፉ። ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ነው፤ ሆኖም እንዳለ ወደ አማርኛ የሚገለበጥ አይደለም። በቋንቋችን ማሰሪያው አንቀጽ በመጨረሻ ስለሚመጣ፥ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቈያል። ስለዚህ ለእኛ የመጀመሪያው መግረዣ አራት ነጥብ ነው። ሁለተኛውም፥ «ምርመራ አደረግን» ከማለት «መረመርን»፥ «ለቀማ ተካሄደ» ከማለት «ለቀሙ» ማለት ነው። በዚህ ረገድ የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የአማርኛ ሰዋስው ከጠረጴዛ አለማራቅ ይረዳል።

ማሳጠር የፈረንጅ ትምህርት ነው የሚል ቢኖር ግን ቅኔ ቤትን ይጠይቅ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ተማሪውም ሰምና ወርቁን በዚያች ጠባብ ስፍራ ማስገባት አለበት። (ለደብዳቤ ግን ወርቁ በሰም መሸፈን የለበትም።)

ስለ ሰላምታና ስለ ማዕርግ የሚያስብ ይኖራል። እነዚህ አይቈረጡ፤ የአክብሮት ቃል በአንድ መስመር ይበቃዋል። ከዚያ በታች ያለው መስመር የጉዳዩ ይሁን፤ ምክንያቱና ዝርዝሩ ይከተሉት፤ ረጅም የቍጥር ሰንጠረዥ ካለም በሌላ ወረቀት ተጽፎ ይያያዝ።