«ትንሽ ከባድ ነው»

ውድ እትዬ፣
የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። በጃፓን መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ሰንዳይ ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው፤ የማስተርስ መግቢያ ፈተና ይጠብቀኛል። ላቦራቶሪያችን ውስጥ አሥር ሰዎች ነን፤ ቀኑን ሙሉ የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። የጥናት ሐሳቤን ለፕሮፌሰሬ ሳቀርብ «ትንሽ ከባድ ነው» አሉኝ። በርቺ ያሉኝ መስሎኝ ሦስት ወር ለፋሁበት። ለካ እምቢ ማለታቸው ኖሯል! አንድ እሑድ ደግሞ ዶርም ውስጥ ቡና ስቆላ የጭስ ደወሉ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወጣ፤ አንድም የተናገረኝ የለም። በማግስቱ ግን የመጥበሻ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትቼው ልመለስ? እናቴ በግ አርዳ ነው ከደብረ ብርሃን የሸኘችኝ።
ብርድ የመታት

የኔ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ መታኝ ሲል አላምንም። የመታሽ ዝምታው ነው።

ከፕሮፌሰሩ ልጀምር። አባትሽ «እስቲ እናያለን» ያሉት ነገር ስንት ጊዜ ሆኖ ታየ? ልብስ ሰፊው «ነገ ነይ» ሲልሽስ በማግስቱ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ሰው ቤት ማዕድ ቀርቦ «አሁን በላሁ» ያልሽው እውነት በልተሽ ነው? ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለናል እንጂ ጃፓኖች «ኤንሪዮ» የሚሉት የሥጋ ዘመዱ ነው። የኛን ከጡት ጋር ስለጠባነው አናስተውለውም፤ የነሱን ግን በ26 ዓመትሽ እንደ ፊደል መቁጠር አለብሽ። «ቾቶ...» (ትንሽ...) ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በጥርሱ መሀል አየር የሚስብ ሰው ካጋጠመሽ፣ ነገሩ አልቋል፤ ሌላ ሐሳብ ፈልጊ።

ማስታወቂያውን እንደ ውርደት ቆጠርሽው። ስምሽ ተጽፎበታል? የክፍል ቁጥርሽስ? ገመናሽን ሸፈኑልሽ እኮ! የኛ ሰፈር አከራይ ብትሆን በርሽ ላይ ቆማ መንደሩ እስኪሰማ ነበር የምትጮኸው። ጮኻ ስትጨርስ ግን ቁጭ ብላ ሁለተኛውን ቡና ካንቺ ጋር ትጠጣ ነበር። የጎደለሽ ይኼ ነው፤ ይገባኛል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። ፍቅራቸው ከርእሱ ያስታውቃል። እርሳቸው ግን የመንግሥት እንግዳ ነበሩ፤ የሚቃጠለውን ቆሻሻ ከማይቃጠለው ለይተው በቀኑ አያወጡም ነበር። ያንቺ ግን ኑሮ ነው፤ አንቺ ጎረቤት ነሽ።

ልመለስ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። በጉስ ተበልቷል፤ ዕዳ አይሁንብሽ። ከፈተናው በኋላም ልብሽ ካልረጋ መመለስ ነውር የለውም። እስከዚያው ለፕሮፌሰሩ አንድ ሐሳብ ይዘሽ አትሂጂ፤ ሁለት ሦስት ጽፈሽ «የትኛው ይሻላል?» በያቸው። መምረጥ እምቢ ከማለት ይቀልላቸዋል። ሲወጡም ካንቺ በፊት የገባውን ተማሪ፣ ሴምፓይሽን፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቂው። ማስረዳት የሱ ወግ ነው፤ ደስ ይለዋል።

የላቦራቶሪው ልጆች አምሽተው ለመጠጥ ሲወጡም አትቅሪ። ኡሎንግ ሻይ ይዘሽ ብትቀመጪ ማንም ቅር አይለውም፤ ቀን የማይናገረው ሁሉ አፉ የሚፈታው እዚያ ነው። (ጾመኛ ከሆንሽ ሾርባውን ጠይቂ፤ አትክልት ያልሽው በዓሣ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል።) አማርኛ ሲርብሽ ቶኪዮ ውረጂ፤ ካትሱሺካ ውስጥ ዮትሱጊ የሚባል የሀበሻ ሰፈር አለ። የሌሊት አውቶቡሱ ከፈጣኑ ባቡር፣ ከሺንካንሰኑ፣ ይረክሳል። እንቅልፍ እንቢ ካለሽ ግን እኔን አትጠብቂ፤ የዩኒቨርሲቲሽን የተማሪዎች ምክር ክፍል ዛሬውኑ ሂጂ።

ለእናትሽም እውነቱን ንገሪያት። ቡናውን እዚያው ቆልታ ትላክልሽ፤ ለላቦራቶሪው ሰው በትንንሽ ከረጢት አድርገሽ አድይ። ጭሱ ደብረ ብርሃን ይቅር።