ያጠራቀምነው ገንዘብ በትንሽ ባንክ ቢቀመጥ ይጠፋ ይሆን?

በአል ጋርሁድና በአካባቢው ባሉ ቤቶች የምትሠሩ የተወደዳችሁ እህቶቻችን፣

በቅርቡ አንዲት እህታችን ከጸሎት በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «በስድስት ዓመት ድካም 240,000 ብር አጠራቅሜአለሁ። ወንድሜ አዲስ ከተከፈተ ትንሽ ባንክ አስገቢው ይለኛል። ባንኩ ቢዘጋስ ምን ይውጠኛል?» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ የዛሬውን ትምህርት በዚሁ ላይ አደረግነው። ጌታችንም ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)።

በመጀመሪያ ትልቅነት ብቻውን ዋስትና አይደለም። በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ የነበረው፣ አቡዳቢም ዋና ባለድርሻ የሆነችበት ቢሲሲአይ የተባለ ባንክ በ1991 እ.ኤ.አ. በማጭበርበር ምክንያት ተዘግቶ፣ ብዙ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማግኘት ዓመታት ጠብቀዋል። በአንጻሩ በአገራችን ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ሲዋሐድ የደንበኞቹ ሂሳብ ወደ ንግድ ባንክ ተላልፏል።

ታዲያ ስለ ባንኩ ምን እንጠይቅ?

1ኛ/ ካፒታሉ ስንት ነው? ካፒታል ኪሳራ ሲመጣ አስቀድሞ የሚነካው የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሟሉ አዝዟል።

2ኛ/ የተበላሸ ብድሩ ስንት ነው? ይህም ተበዳሪዎች በወቅቱ ያልከፈሉት ነው። ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ልክ ከመቶ አምስት ነው። ካበደረው 100 ብር ከ5 ብር በላይ የተበላሸበትን ባንክ ተጠንቀቁ።

3ኛ/ ወለዱ ከሌሎቹ እጅግ ይበልጣልን? ከሆነ ለምን ይህን ያህል ገንዘብ እንደቸገረው ጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መልሶች በባንኩ የዓመት ሪፖርት ላይ ታገኛላችሁ። ቤተሰብ ከቅርንጫፉ ጠይቆ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የኢትዮጵያ ገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ተቋቁሟል። ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች መዋጮ ይከፍሉበታል። አንዱ ቢወድቅ ፈንዱ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። እህታችን 240,000ውን በአንድ ባንክ ብታስቀምጥና ባንኩ ቢዘጋ 140,000ው የባንኩ ንብረት ተሸጦ እስኪከፈል ይጠብቃል፤ ሁሉም ላይገኝም ይችላል። በሦስት ባንኮች 80,000፣ 80,000 ብታደርገው ግን ሁሉም በዋስትናው ውስጥ ይሆናል። እቁብ በዚህ ፈንድ እንደማይሸፈን አትርሱ።

በመጨረሻ፣ ደብተሩ በማን ስም ነው? በወንድም ስም የተቀመጠ ገንዘብ በባንኩ ዘንድ የወንድም ነው፤ ፈንዱም የሚከፍለው ለእርሱ ነው፤ ከራሱ ገንዘብ ጋርም ተደምሮ ይታያል። ስለዚህ በራሳችሁ ስም ክፈቱ። በፓስፖርታችሁ ያለው ስምና በደብተሩ ያለው ስም አንድ መሆኑንም አረጋግጡ። ይህን ማድረግ ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ወንድምንም ከፈተና መጠበቅ ነው።

እግዚአብሔር የድካማችሁን ፍሬ ይባርክላችሁ፤ ለአገራችሁም በሰላም ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።