ስም ያልወጣለት ሴል ነጋዴን ያከስራል
የኤክሴል ስሞችን በማክሮ ስለመቆጣጠር

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባስታወቀ ዕለት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው የአንድ ዶላር መግዣ ከ74 ብር በላይ ሆነ። በተከታዮቹ ሳምንታትም 100 ብርን አልፏል። ያን ሰሞን የዋጋ ዝርዝሩን በኤክሴል ለሚያዘጋጅ አስመጪና ጅምላ ሻጭ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረበት፤ አሮጌው ተመን በፋይሉ ውስጥ ስንት ቦታ ተጽፏል?

ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ያህል በ40 ዶላር የሚገባ ዕቃ በ57 ብር ሲሰላ 2,280 ብር፣ በ74 ብር ሲሰላ ደግሞ 2,960 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ ዕቃ 680 ብር ነው። የሒሳብ ሠራተኛው 300 ቀመሮችን አስተካክሎ አንዷን ቢዘነጋና ከዚያ ዕቃ 200 ፍሬ በአሮጌው ስሌት ቢሸጥ፣ ነጋዴው ዕቃውን መልሶ ለመተካት 136,000 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ጥፋቱ የገበያው ሳይሆን የፋይሉ ነው።

መፍትሔው ከኤክሴል ጋር አብሮ የሚመጣና ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ ለሴሉ ስም ማውጣት።

አድራሻና ስም

በኤክሴል እያንዳንዱ ሴል በዓምዱ ፊደልና በረድፉ ቁጥር የሚታወቅ አድራሻ አለው። ሆኖም «ቢ2» የሚለው አድራሻ ሴሉ ውስጥ ስላለው ነገር አንዳች አይናገርም። ሠራተኛው ሴሉን መርጦ ከቀመር መጻፊያው መስመር በስተግራ ባለችው አነስተኛ ሳጥን «ዶላር_ተመን» ብሎ በላቲን ፊደል ቢጽፍና ኢንተር ቢመታ፣ ከዚያ ወዲያ ቀመሩ «ዋጋ በዶላር ተመን ይባዛ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ተመኑ ሲለወጥ የሚነካው ሴል አንድ ብቻ ነው። አስመጪው የምንዛሪውን፣ ደላላው የኮሚሽኑን መቶኛ፣ ባለሱቁ የተጨማሪ እሴት ታክሱን 15 በመቶ በዚሁ መንገድ በአንድ ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ስም ለአንድ ሴል ብቻ ሳይሆን ሬንጅ ለሚባለው የሴሎች ክልልም ይወጣል። «የሐምሌ ሽያጭ» የሚለው ስም ከረድፍ 5 እስከ ረድፍ 120 ያለውን በሙሉ ሊወክል ይችላል።

ስም አወጣጡ ደንብ አለው። በመካከሉ ባዶ ቦታ አይፈቀድም፤ በምትኩ ከታች ሰረዝ ይገባል። ስሙ የሴል አድራሻም መምሰል የለበትም። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ቫት15» በሚለው ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ኤክሴል ዓምዶቹ 16,384 በመሆናቸው ቪ፣ ኤ እና ቲ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት የእውነተኛ ዓምድ መጠሪያ ናቸው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ስሙን አይቀበልም። «ቫት_ተመን» ቢባል ግን ችግር የለም።

የአምስት አገሮች ታሪክ

ክልልን አሳስቶ መምረጥ የትንሽ ሱቅ ችግር ብቻ አይደለም። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የመንግሥት ዕዳቸው ከአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች ዕድገታቸው እንደሚያሽቆለቁል ገልጸው ነበር። ጥናቱ በአውሮፓና በአሜሪካ በበጀት ቅነሳ ክርክር በተደጋጋሚ ተጠቅሷል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ከሁለት መምህራኑ ጋር የኤክሴሉን ፋይል ሲመረምር፣ አማካዩን የሚያሰላው ቀመር ከረድፍ 30 እስከ 49 መድረስ ሲገባው 44 ላይ መቆሙን አገኘ። በዚህም አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ከስሌቱ ውጪ ቀርተዋል። ምሁራኑ የቀመሩን ስህተት አምነዋል። ተቺዎቹ ያነሷቸው ከዚህ የሚበልጡ ሌሎች ነጥቦችም ስለነበሩ ለውጤቱ መለያየት ምክንያቱ ቀመሩ ብቻ አልነበረም። የነጋዴው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ አምስት ረድፍ ሲጎድል ኤክሴል አይጮህም፤ ድምሩን እንደ ሙሉ አድርጎ ያቀርባል።

ስም እንዴት ይበላሻል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የኤክሴልን ስም የሚያወጣው ግን የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኑ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ስም በአራት መንገዶች ይበላሻል።

አንደኛው ከታች መጨመር ነው። በክልሉ መካከል አዲስ ረድፍ ቢገባ ስሙ አብሮ ይሰፋል። ከመጨረሻው ረድፍ በታች የተጻፈ ሽያጭ ግን በአብዛኛው ከስሙ ውጪ ይቀራል። የቀኑ የመጨረሻ ደረሰኞች ከድምር የሚጎድሉት በዚህ ነው።

ሁለተኛው መሰረዝ ነው። ስሙ የሚያመለክተው ክልል በሙሉ ከተሰረዘ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ይኖራል፤ የሚያመለክተው ቦታ ግን የለም። ቀመሮቹም የስህተት ምልክት ያሳያሉ።

ሦስተኛው ሳይታወቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ነው፤ ሺት መገልበጥ። በብዙ ቢሮዎች አዲስ ወር ሲገባ ያለፈው ወር ሺት ተገልብጦ አዲስ ቀን ይጻፍበታል። በተገለበጠው ሺት ላይ «ዶላር_ተመን» የተባለ ሴል ካለ፣ ኤክሴል ያንኑ ስም ለአዲሱ ሺት ብቻ በሚያገለግል መልኩ ይደግመዋል። ከዚያ በኋላ በፋይሉ ውስጥ በአንድ መጠሪያ ሁለት ተመን ይኖራል። ሠራተኛው በመጀመሪያው ሺት ተመኑን ቢለውጥ የአዲሱ ሺት ቀመሮች የሚያዩት የራሳቸውን አሮጌ ተመን ነው። ስሙ ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠራጠርም። ስለዚህ ተመኖች በሙሉ ለብቻው በተለየና በማይገለበጥ አንድ ሺት ላይ ቢቀመጡ ይመረጣል።

አራተኛው የተደበቀ ስም ነው። ስም ከእይታ ሊሰወር ይችላል፤ እንዲህ ያለው የኤክሴል የስም ማስተዳደሪያ በሚያሳየው ዝርዝር ላይ አይወጣም። የሚያገኘው ማክሮ ነው።

ማክሮ ለምን ያስፈልጋል?

ማክሮ ማለት ኤክሴል በተራ እንዲፈጽማቸው የተጻፉ ትዕዛዞች ማለት ነው። ሥራው ተደጋጋሚ ሲሆን ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ማክሮ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በሴል ውስጥ ያለ ቀመር ረድፍ ሲጨመር አድራሻውን ራሱ ያስተካክላል። በማክሮ ውስጥ በጥቅስ ምልክት የተጻፈ አድራሻ ግን ባለበት ይቀራል። ማክሮው «ከቢ7 ተመኑን አንብብ» ከተባለና ከበላይ አንድ ረድፍ ቢገባ፣ ተመኑ ወደ ቢ8 ሲወርድ ማክሮው አሁንም ቢ7ን ያነባል። በአድራሻው ፋንታ ስሙ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማክሮው ተመኑን ተከትሎ ይሄድ ነበር። በመሆኑም በማክሮ ውስጥ ከአድራሻ ይልቅ ስም መጻፍ የመጀመሪያው ደንብ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ክልልን ማሳደስ ነው። ማክሮው ከዓምዱ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ በመፈለግ የመጨረሻውን የተሞላ ረድፍ ያገኛል። ከዚያም «ኔምስ ዶት አድ» በሚባለው ትዕዛዝ ያንኑ ስም እስከዚያ ረድፍ ድረስ እንደገና ይሰጣል፤ ስሙ ቀድሞ ካለ አዲሱ ፍቺ አሮጌውን ይተካል። እዚህ ላይ በአድራሻው ፊደልና ቁጥር ፊት የዶላር ምልክት መግባት አለበት፤ አለዚያ ስሙ የሚያመለክተው ቦታ በወቅቱ እንደተመረጠው ሴል ይንሸራተታል። ማክሮ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ዝርዝሩን መርጦ ኮንትሮልና ቲ በመጫን ወደ ሠንጠረዥ ቢለውጠው፣ ሠንጠረዡ አዲስ ረድፍ ከሥሩ ሲጻፍ ራሱ ይሰፋል።

የስም ቆጠራ

ነጋዴ በሰኔ 30 መጋዘኑን እንደሚቆጥር ሁሉ የፋይሉንም ስሞች ቢቆጥር ያተርፋል። ቆጠራውን የሚያደርገው ማክሮ ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም። አሠራሩም የሚከተለው ነው፦

1. ከሁሉ በፊት የፋይሉ ቅጂ ይቀመጣል። ማክሮ የሠራው ነገር እንደ ተራ ሥራ በመቀልበሻ ትዕዛዝ አይመለስም።

2. አልትና ኤፍ11 ሲጫኑ የማክሮ መጻፊያው ይከፈታል፤ «ኢንሰርት» ከሚለው ሥር «ሞጁል» ይመረጣል።

3. ማክሮው አዲስ ሺት ከፍቶ፣ «ፎር ኢች» በሚባለው የመደጋገሚያ ትዕዛዝ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ እንዲያልፍ ይደረጋል።

4. ለእያንዳንዱ ስም በመጀመሪያው ዓምድ መጠሪያው፣ በሁለተኛው የሚያመለክተው ቦታ፣ በሦስተኛው የሚታይ ወይም የተደበቀ መሆኑ ይጻፋል። ቦታው በእኩል ይሆናል ምልክት ስለሚጀምር ከፊቱ ነጠላ ጥቅስ መግባት አለበት፤ ካልገባ ኤክሴል እንደ ቀመር ይቆጥረዋል።

5. በሁለተኛው ዓምድ የስህተት ምልክት የያዘ ስም ካለ በአራተኛው ዓምድ «ብልሽት» ተብሎ ይመዘገባል።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ምርመራው የሰው ነው። ለአንድ ሺት ብቻ የሚያገለግል ስም ከፊቱ የሺቱ መጠሪያና ቃለ አጋኖ ስለሚኖረው በቀላሉ ይለያል። «ዶላር_ተመን» ሁለቴ ከታየ የትኛው ቀመር የትኛውን እንደሚጠቀም ማጣራት ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

የማይታወቅ ስም ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ኤክሴል ራሱ ለኅትመት ክልልና ለማጣሪያ የሚፈጥራቸው ስሞች አሉ፤ ከእነዚህም የተደበቁ ይገኛሉ። ስለዚህ ማክሮው መጀመሪያ ይዘርዝር እንጂ አይሰርዝ።

ስሞች በላቲን ፊደል ቢጻፉ ይሻላል የሚባለው ያለምክንያት አይደለም። የማክሮ መጻፊያው የግዕዝ ፊደላትን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣቸዋል። የአማርኛው ማብራሪያ በቆጠራው ሺት ላይ ከስሙ አጠገብ ሊጻፍ ይችላል።

ማክሮ ያለበት ፋይል ማክሮ በሚቀበለው ዓይነት መቀመጥ አለበት፤ በተለመደው ዓይነት ከተቀመጠ ማክሮው ይጠፋል። ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮንም ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያግዳል። ምክንያቱ ማክሮ የቫይረስ መግቢያ መሆኑ ነው፤ ከማይታወቅ ሰው የመጣን ፋይል እገዳ ማንሳት ሱቅን ከፍቶ እንደመሄድ ይቆጠራል።

የተመን ለውጥ ቀን ሳይቆርጥ ይመጣል። ስሞቹ የተቆጠሩለት ነጋዴ በዚያ ጠዋት አንድ ሴል ለውጦ በሩን ይከፍታል። ያልተቆጠሩለት ግን ዋጋውን ሲፈላልግ ደንበኛ በአሮጌው ዋጋ ገዝቶ ሊሄድ ይችላል።