ወኪል ለያዘች ልጅ

ልጄ፣ ወኪል ያዝኩ ስትዪኝ ደስ አለኝ፤ ቀጥለሽ «ወረቀቱን ገና አላነበብኩትም» ስትዪ ግን ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ። ጎበዝ ነሽ፣ ሥራ አትጠዪም፤ ግን ነገር ታቀልያለሽ። እዚህ ጁባ፣ ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ያደገ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ማየት እመኛለሁና ይህን ተቀምጠሽ አንብቢልኝ።

1. ወኪልን እንደ ደላላ አትያዢው። እዚህ ጁባ ቤት ስንከራይም ዕቃ ስናስመጣም የምናውቀው ደላላን ነው፤ ያገናኛል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ዘወር ይላል። ወኪል ግን ስምሽን ይዞ ነው የሚዞረው። እሱ የዋሸውን አንቺ እንደዋሸሽ ይቆጠርብሻል። ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር ያደጉት ተዋንያን የወር ደሞዝተኞች ነበሩ፣ ደሞዝተኛ ደግሞ ሥራ የሚፈልግለት ሰው ምን ያደርግለታል? ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ብዙው ሥራ የሚገኘው ዳይሬክተሩ ራሱ ሲደውል ነው። ከአገር ከተወጣ ወዲያ ግን መንገዱ በወኪል ነው። ሊያ ከበደን የሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪ ሳለች ያያት አንድ የፊልም ሰው ከፈረንሳይ ወኪል ጋር አገናኛት፤ ከሞዴልነት ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የ«ዴዘርት ፍላወር» መሪ ተዋናይ ሆነች። መልኩም ችሎታውም የራሷ ነው፤ በሩን ያንኳኳላት ግን ሌላ ሰው ነው።

2. ሥራ ሳያመጣ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ አምስት ሳንቲም አትስጪ። ለምዝገባ ነው፣ ለፎቶ ነው፣ ለናይሮቢ ኦዲሽን ማስያዣ ነው ይሉሻል። እውነተኛ ወኪል የሚበላው አንቺ ስትበዪ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተዋንያኑ ማኅበር ፈቃድ የሰጣቸው ወኪሎች ድርሻ ከ10 በመቶ አያልፍም፤ ካሊፎርኒያም ከተዋናይ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልን በሕግ ከልክላለች። ፓስፖርትሽንም ለማንም አታስይዢ። ኮፒ ይበቃዋል፤ ለቪዛ ከሆነ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ። ስንቱ የእኛ ልጅ «ለአንድ ቀን ነው» ተብሎ ሰጥቶ ወር ሙሉ ደጅ ሲጠና አይቻለሁ። በምሽት ሆቴል ክፍል ድረስ ለኦዲሽን ነይ የሚልሽ ሰው ደግሞ የወኪልነት ወግ የለውም። አትሂጂ፤ ለምን እንደቀረሽም ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

3. የተስማማችሁትን አስጽፊ፣ የተጻፈውንም አንብቢ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ? «ሰውየው ጨዋ ነው» ብለሽ እንደምትከራከሪኝ አውቃለሁ። ጨዋ ከሆነማ ወረቀት አያስከፋውም። ድርሻው ስንት በመቶ ነው? ለየትኛው ሥራ ነው የወከልሽው፤ ለፊልም ብቻ ነው ወይስ ለማስታወቂያም ለሬዲዮ ድራማም? ለየትኛው አገር፣ ለስንት ጊዜ? ልትለያዩ ብትፈልጉ ከስንት ቀን በፊት ትነጋገራላችሁ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና በሰፊው ይናገራል። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ታማኝ መሆን አለበት፤ በስሙ የተቀበለውንም ገንዘብ ማስረከብና መተሳሰብ ግዴታው ነው። ወኪልሽ ኬንያዊ ወይም ኡጋንዳዊ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አይገዛው ይሆናል፤ ስለዚህ ብትጣሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደምትዳኙም ይጻፍ። ኤምባሲ ሄደሽ ውክልና የምትሰጪ ከሆነም ሁሉን የሚጠቀልል ጠቅላላ ውክልና አትስጪ፤ ሥራው በስም የተጠቀሰበት ልዩ ውክልና ይበቃዋል። ሰው መኪናውን እንዲሸጥለት ብሎ በፈረመው ወረቀት ቤቱ ሲሸጥበት የሰማሽ ይመስለኛል።

4. ገንዘቡ በምን፣ መቼና በማን እጅ እንደሚከፈል አስቀድመሽ ቁረጪ። እዚህ ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ካልተማርን ማን ሊማር ነው! እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015 የደቡብ ሱዳን ማዕከላዊ ባንክ ፓውንዱን ለገበያ ሲለቀው፣ 3 ፓውንድ ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 18 ፓውንድ ተኩል ገባ። ያን ሰሞን በፓውንድ የተዋዋለ ሰው ደሞዙ እጁ ላይ ቀለጠ። አሠሪው በዶላር የሚከፍል ከሆነ አንቺም በዶላር ተዋዋዪ፤ የሚመነዘር ከሆነ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚመነዘር ይጻፍ። ክፍያሽንም ፊልሙ ከሚመረቅበት ቀን ጋር አታስሪው፤ ቀረጻው ሲያልቅ ይከፈልሽ። «ድፍረት» የተባለው ፊልም ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሕዝብ አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ እንደነበር አትርሺ። እገዳው ኋላ ተነሣ፤ ነገር ግን ምርቃት በተዋናይ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ሥራ በጸጥታ ምክንያት ቢቋረጥ የመመለሻ ቲኬቱን ማን ይችላል የሚለውንም ጠይቂ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2016 ውጊያው እዚሁ ጀበል ደጃፍ ሲደርስ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ እናትሽ ትነግርሻለች።

5. ስልክሽን አንሺ። ይህን ለመናገር አርጅቼ መገኘት አልነበረብኝም፤ ግን አታነሺም። ለወጣቶች በተሠራው «ሳዋ ሸባብ» ዓይነት የሬዲዮ ድራማ የሚሠራ ሰው ዛሬ ደውሎ ለነገ ድምፅ ይፈልጋል። ወኪልሽ ሦስት ጊዜ ደውሎ ካጣሽ አራተኛውን ለሌላዋ ይደውላል፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። ኔትወርክ ወደሌለበት ስትሄጂ ቀድመሽ ንገሪው፤ የማይመችሽን ሥራም በዚያው ቀን «አይሆንልኝም» በዪው። ዝም ማለት መልስ አይደለም።

6. የምትችዪውንም የማትችዪውንም እውነቱን ንገሪው። በአማርኛ ታለቅሻለሽ፣ በጁባ ዓረብኛ ትቀልጃለሽ፣ በእንግሊዝኛ ትከራከሪያለሽ፤ ይህ ሀብት ነው፣ አንቺ ግን እንደ ተራ ነገር ደብቀሽዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2012፣ ይህች አገር ነጻ ከወጣች ዓመት ሳይሞላት፣ ልጆቿ የሼክስፒርን «ሲምበሊን» በጁባ ዓረብኛ ለንደን ግሎብ ቴአትር ላይ ተጫውተዋል። የአኮቦው ልጅ ጌር ዱዋኒም በእኛው አገር በስደት ኖሮ አሜሪካ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ዘ ጉድ ላይ» ፊልም የተጫወተው የራሱን ዓይነት ሕይወት ነው። በአንጻሩ ፈረስ መጋለብ ሳትችዪ እችላለሁ ብለሽ ወኪልሽን ብታሳፍሪው ሁለተኛ ስምሽን ለማንሳት ይፈራል። የምትልኪለት ቪዲዮ ላይም ተጠንቀቂ። ያለፈውን ያሳየሽኝ ከጓሮ የተቀረጸ ነው፤ ከጀበሉ ድንጋይ የሚፈልጡት ሴቶች መዶሻ ቃልሽን ይቆርጠዋል፣ መሐል ላይ ደግሞ ጠጠር የጫነ መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል። ሴቶቹ እንጀራቸውን ነው የሚፈልጡት፤ አንቺ ሲመሽ፣ ጄኔሬተር ሳይነሣ፣ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ ቅጂ። ፊትሽንም በስልክ አታሳምሪው። ፎቶውን አይተው የጠሩሽ ሰዎች ስትመጪ ሌላ ሰው ማየት የለባቸውም።

7. ከጀርባው አትደራደሪ። አንድ ቀን አሠሪው «ወኪሉን ተዪው፣ የእሱን ድርሻ ለሁለት እንካፈል» ይልሻል። ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ወኪልሽን የከዳልሽ አሠሪ ነገ አንቺን ለመካድ ማን ያስቸግረዋል? ወኪል ሳይኖርሽ ብቻሽን ትቀሪያለሽ። «ከእሱ ጋር ተነጋገሩ» በዪና ስልኩን ስጪ። ከጀርባ አለመደራደር እሱንም ይመለከታል፦ ወኪልሽ የአሠሪውን ክፍያ ትክክለኛ ቁጥር ካላሳየሽ፣ ከአሠሪው ጋር የሚፈረመውን ውል ቅጂ ጠይቂው። አንዴ በትሕትና፣ ሁለተኛ ጊዜ በጽሑፍ።

8. ስትለያዪም በወግ ተለያዪ። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር እንደሚችል የእኛ ሕግ ይፈቅዳል፤ ግን በቴሌግራም ስድብ አይደለም። በጽሑፍ አሳውቂው፣ ኤምባሲ ያሠራሽው ሰነድ ካለ እዚያው ሄደሽ አሽሪው፣ እጁ ላይ ያለውንም ወረቀት ተቀበዪው፤ የሚያሠሩሽ ሰዎችም ይወቁት፣ አለበለዚያ በስምሽ መዋዋሉን አያቆምም። እሱ አምጥቶልሽ ገና ያልተከፈለ ሥራ ካለ ደግሞ፣ ክፍያው ከተለያያችሁ ከስድስት ወር በኋላ ቢመጣም ድርሻውን ላኪለት፤ ደረሰኙንም አስቀምጪ።