የትናንት ራትና የደም ምርመራ

ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥሮቻችንን የሚያላላ ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ ስለማይቆይ ላቦራቶሪ የሚለካው ቅሪቶቹን፣ ናይትራይትንና ናይትሬትን ነው። ናይትሬቱ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ከዚያ ፒተር ግሪስ እ.ኤ.አ. በ1879 ባስተዋወቀው ዘዴ ሮዝ ቀለም ያወጣል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር መጠኑም ከፍ ያለ ነው።

ነገር ግን ናይትሬት ከቀይ ሥርና ከሰላጣም ይገባል። ቀለሙ ሰውነት የሠራውን ከራት ከመጣው አይለይም። ስለዚህ ለጥናት ደም የሚሰጥ ሰው ምን እንደበላ ሊጠየቅ ይገባል።

ለወላጆቻችን የምናስተረጉም ልጆች «ምንም አይደል እማዬ፣ ትንሽ ደም ነው» ብለን ካሳጠርነው ጥያቄው ይጠፋል፤ ቁጥሩም ያሳስታል። ምን እንዳይበሉ፣ ለስንት ሰዓት፣ ደሙም ለምን እንደተፈለገ ሳናስቀር እንንገራቸው። ያልገባቸውን ነገር ፈቀዱ ማለት አንችልም።